ድንኳን፣ እሳትና ጨረቃ፦ የተቀነባበረ የሌሊት ካምፕ ፎቶግራፍን በብርሃን ማዘጋጀት

ድንኳን በሌሊት ከውስጥ ሲያበራ፣ ከፊቱ ሰዎች እሳት ከበው ሲጨዋወቱ፣ ከበላያቸውም ሰማዩ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይጠቁር የሚታይበትን ፎቶግራፍ የተመለከተ ሰው፣ ፎቶ አንሺው በቦታው ተገኝቶ ያየውን እንዳለ ያነሳ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ብዙውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም። የሰው ዓይን እሳቱንና ከእሳቱ ራቅ ብሎ የተቀመጠውን ሰው ፊት በየተራ እያየ ለሁለቱም ራሱን ያስተካክላል፤ ካሜራ ግን ለሁለቱም የሚሰጠው አንድ ልክ ብቻ ነው። እሳቱን በልኩ ሲይዝ ፊቶቹ ይጨልማሉ፤ ፊቶቹን በልኩ ሲይዝ ደግሞ ነበልባሉ ቅርጹን አጥቶ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ብርሃኑን አንድ በአንድ አስቦ ማዘጋጀት፣ ካዘጋጀም በኋላ ዝግጅቱ እንዳይታወቅ ማድረግ ይኖርበታል።

ይህን ሥራ ስሠራ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ የጠቀመኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በምስሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ብርሃን ባለቤቱ ማን እንደሆነ መጠየቅ ነው። በሌሊት ካምፕ ውስጥ የብርሃን ባለቤቶች ጥቂት ናቸው። እሳት አለ፣ በድንኳኑ ውስጥ የተንጠለጠለ መብራት አለ፣ ሰማይና ጨረቃ አሉ፤ ምናልባት አንድ ፋኖስ ወይም የእጅ ባትሪ ይጨመርበታል። ተመልካቹ የአንዱን ሰው ጉንጭ አይቶ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ቢጠይቅ፣ ምስሉ ራሱ ከእነዚህ አንዱን መጠቆም አለበት። ባለቤት የሌለው ብርሃን ምንም ያህል ቢያምር ሌሊቱን ያፈርሰዋል። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚነሳ ነው።

ቦታውን በቀን ብርሃን ማጥናት

ጨለማ ውስጥ ቦታ መምረጥ አይቻልም። ፀሐይ ከመጥለቋ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ይድረሱና ካሜራው የሚቆምበትን፣ ድንኳኑ የሚተከልበትንና እሳቱ የሚነድበትን ቦታ ይወስኑ። ካሜራውን ሰማዩ ዘግይቶ ወደሚጨልምበት ወደ ምዕራብ ካዞሩት፣ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላም የዛፎቹና የኮረብታው ጠርዝ ከሰማዩ ተለይቶ የሚታይበት ረዘም ያለ ጊዜ ያገኛሉ። ወደ ምሥራቅ ካዞሩት ደግሞ ጨለማው ቀድሞ ይመጣል፤ ቀለሙም የበለጠ የደነዘዘ ሰማያዊ ይሆናል።

እሳቱና ድንኳኑ በምስሉ ላይ እንዲቀራረቡ መፈለግ ያለ ነገር ነው፤ ሆኖም የድንኳን ጨርቅ በአንድ ፍንጣሪ ስለሚበሳና በቀላሉ ስለሚቀጣጠል፣ በመካከላቸው ቢያንስ 5 ሜትር ሊኖር ይገባል። ይህን ርቀት በምስሉ ላይ ማሳጠር የሌንሱ ሥራ ነው። ካሜራውን ወደ ኋላ ወስደው ዝቅ ካደረጉትና ከ50 እስከ 85 ሚሊሜትር ባለው ሌንስ ካነሱ፣ እሳቱ ከድንኳኑ ደጃፍ ሁለት እርምጃ ብቻ የራቀ ይመስላል። ሰፊ ሌንስ ግን ርቀቱን ያጋንነዋል፤ ድንኳኑንም ያሳንሰዋል። ሰፊ ሌንስ ጥሩ የሚሆነው ሰማዩ ራሱ የምስሉ ዋና ጉዳይ ሲሆን ነው።

ከነፋሱ አቅጣጫም ጋር መተዋወቅ ያስፈልጋል። ጭሱ ወደ ሰዎቹ ከነፈሰ ዓይናቸው ያለቅሳል፤ ወደ ካሜራው ከነፈሰ ደግሞ ምስሉን ሁሉ ያደበዝዘዋል። የሚፈለገው ወደ ጎን የሚሄድ ጭስ ነው። ጭስ ከኋላው ብርሃን ሲያገኝ ጎልቶና ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከፊት ለፊቱ ሲበራበት ግን እንደ ቆሻሻ ግራጫ ይሆናል። ይህን ወደ ጨረቃዋ ስንደርስ እንጠቀምበታለን።

ሰማዩን መጠበቅ

ሌሊት የሚመስል ፎቶግራፍ በድቅድቅ ጨለማ መነሳት የለበትም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከአድማስ በታች 6 ዲግሪ እስክትወርድ ያለው ጊዜ የመጀመሪያው ድንግዝግዝታ ነው፤ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ የሚሆነው በዚህ ጊዜ መጨረሻ ላይና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ወደ አድማስ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ይህ ሁሉ በሃያ እና ሠላሳ ደቂቃ መካከል ያልቃል፤ ወደ ዋልታዎቹ በተጠጉ አገሮች ግን ፀሐይ በሰያፍ ስለምትወርድ በጣም ይረዝማል። በየትኛውም ቦታ ቢሆን ይህን ጊዜ በመብራት ተከላ ማባከን አይገባም። መብራቶቹ ሁሉ ተተክለው፣ ሰዎቹም ቦታቸውን ይዘው መጠበቅ አለባቸው።

ካሜራው በትራይፖድ፣ ማለትም በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይቆማል፤ ሁሉም ነገር በእጅ ይስተካከላል፤ ፋይሉም ሮው፣ ማለትም ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል ይሆናል። የሌንሱን የምስል ማረጋጊያ ያጥፉ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር በደንብ መረዳት ያስፈልጋል፤ ይህ ከገባ የቀረው ሥራ በግማሽ ይቀላል። አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እና አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) የሁሉንም ብርሃን መጠን ይወስናሉ። ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ፣ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ የሚወስነው ያለማቋረጥ የሚበሩትን፣ ማለትም የሰማዩን፣ የእሳቱንና የኤልኢዲ መብራቶቹን መጠን ነው። ፍላሽ ግን በዝቅተኛ ኃይል ሲሠራ ከ1/1000 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ፣ ሹተሩ ሩብ ሰከንድ ቢቆይም ሁለት ሰከንድ ቢቆይም ለፍላሹ ለውጥ የለውም። ስለዚህ በፍላሽ የበሩትን ፊቶች አንድ ጊዜ ካስተካከሉ በኋላ፣ ሰማዩ እየጨለመ ሲሄድ የሹተሩን ጊዜ ብቻ እያስረዘሙ ሰማዩን ባለበት ማቆየት ይችላሉ።

ለመነሻ ያህል አፐርቸሩን ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦውን 800፣ የሹተሩን ጊዜ ሩብ ሰከንድ አድርገው ይሞክሩ። ሰማዩ በካሜራው መለኪያ ትክክል ከሚባለው አንድ ስቶፕ ወይም አንድ ተኩል ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው) ሲጨልም ሌሊት መምሰል ይጀምራል። ሩብ ሰከንድ የተቀመጠ ሰው ሊታገሠው የሚችል ጊዜ ነው፤ ሰው እየሳቀ ወይም እጁን እያንቀሳቀሰ ከሆነ ግን የፍላሹ ብልጭታ ነው ፊቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው። የካሜራውን ስክሪን ድምቀት መቀነስ አይርሱ። ጨለማ የለመደ ዓይን በስክሪኑ ይታለላል፤ በቦታው ላይ በቂ ብርሃን ያለው የመሰለው ምስል ቤት ሲደርስ ጨለማ ሆኖ ይገኛል። የምስሉን የጨለማና የብርሃን ስርጭት በግራፍ የሚያሳየውን ሂስቶግራም ማመን ይሻላል።

ከዋክብት የሚታዩበት ምስል ከተፈለገ ሒሳቡ ይለወጣል። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ከዋክብቱ ወደ ጭረትነት እንዳይለወጡ የሹተሩ ጊዜ ገደብ አለው። ብዙዎች 500ን ለሌንሱ የሚሊሜትር ቁጥር ያካፍላሉ፤ በ24 ሚሊሜትር ሌንስ 20 ሰከንድ ያህል ይሆናል። በ20 ሰከንድ ውስጥ ማንኛውም የድንኳን መብራት ምስሉን ያቃጥለዋል። መፍትሔው በድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው መብራቱን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ አብርቶ እንዲያጠፋው ማድረግ ነው። ግልጽ ከዋክብትና የሚንበለበል ትልቅ እሳት ግን በአንድ ምት አብረው አይያዙም፤ ለየብቻ አንስቶ ማዋሃድ ያስፈልጋል።

ድንኳኑ

የድንኳን ጨርቅ ብርሃን የሚያለሰልስ ትልቅ መጋረጃ ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን መብራቱ የት እንደሚቀመጥ ካልታሰበበት አንድ ጎኑ ነጭ ቦግታ፣ ሌላው ጎኑ ጨለማ ይሆናል። ብርሃን ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር መጠኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ከጨርቁ 20 ሳንቲሜትር የራቀ አምፖል በአቅራቢያው ያለውን ጨርቅ፣ አንድ ሜትር ርቆ ካለው የድንኳኑ ክፍል 25 ጊዜ ያህል አብልጦ ያበራዋል። ይህን ለማስቀረት ወለሉ ላይ ነጭ አንሶላ ያንጥፉና ኤልኢዲ መብራቱን በመካከል አድርገው ወደ አንሶላው ያዙሩት። ብርሃኑ ከወለሉ ተመልሶ በግድግዳዎቹ ላይ በእኩል ይበተናል። መብራቱ ኃይሉን የሚጨምሩበትና የሚቀንሱበት ቁልፍ ቢኖረው እጅግ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ሰማዩ በየደቂቃው ሲጨልም የድንኳኑም ብርሃን አብሮ መቀነስ ይኖርበታል።

የጨርቁ ቀለም የመብራቱን ቀለም ይወስናል። ብርቱካናማ፣ ቢጫና ነጣ ያለ ድንኳን ሞቅ ያለ መብራት ሲገባለት ደስ የሚል ገጽታ ይይዛል። ሰማያዊ ድንኳን ውስጥ ያንኑ ሞቅ ያለ መብራት ቢያስገቡ ግን ጨርቁ አብዛኛውን ብርሃን ስለሚውጠው የቆሸሸ ግራጫ ይሆናል፤ ለእሱ ነጭ መብራት ያስፈልገዋል። አረንጓዴ ድንኳን በውጭ ሲታይ ያምራል፤ በውስጡ የተቀመጠውን ሰው ፊት ግን የታመመ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ በአረንጓዴ ድንኳን ውስጥ ፊቱ የሚታይ ሰው ባይኖር እመርጣለሁ። ዝናብ የሚከላከለው የላይኛው ልባስ ከውስጥ የብር ቀለም ያለው ወይም ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ብርሃን አያሳልፍም፤ ዝናብ ከሌለ ያንሱት።

በድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ጥላ በጨርቁ ላይ እንዲታይ ከፈለጉ ከላይ የተናገርኩትን ሁሉ ይገለብጡታል። አሁን የሚያስፈልገው አንድና ትንሽ፣ ያልተሸፈነ መብራት ነው። መብራቱ በድንኳኑ የኋላ ጥግ ይሁን፤ ሰውየው ካሜራው ወደሚያየው ግድግዳ ይጠጋ፤ ፊቱንም በጎን ያዙር። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ሲርቅ የአፍንጫው፣ የከንፈሩና የጣቶቹ ጠርዝ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ወደ መብራቱ በተጠጋ ቁጥር ጥላው እየገዘፈና እየደበዘዘ ይሄዳል። ሁለት መብራት ካለ ጥላውም ሁለት ይሆናል። ካሜራው በሚያየው ግድግዳ አጠገብ ቦርሳ፣ የመኝታ ከረጢት ወይም ጫማ እንዳይኖር ይፈትሹ፤ በጨርቁ ላይ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ጥቁር እድፍ ሆነው ይታያሉና።

የድንኳኑ ድምቀት ልኩ ላይ መድረሱን የምለይበት ምልክት ስፌቱ ነው። ምስሉን በስክሪኑ ላይ አጉልቼ የደጃፉን ዚፕ እመለከታለሁ። የዚፑ ጥርሶችና በአጠገባቸው ያለው ድርብ ስፌት ተለይተው ከታዩ ብርሃኑ ደርሷል፤ ስፌቱ ከጠፋ በዝቷል። በዚህ ልክ የተያዘ ድንኳን ሰው የሚኖርበት ይመስላል፤ ከዚህ ያለፈው ግን የመንገድ መብራት ይሆናል።

ሻማ፣ የጋዝ ፋኖስ ወይም ምድጃ በምንም ምክንያት ወደ ድንኳን አይግባ። ጨርቁ ከመቀጣጠሉ ሌላ፣ በተዘጋ ቦታ የሚነድ ነገር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። ለፎቶግራፉ የሚያስፈልገውን ሁሉ ኤልኢዲ ይሰጣል።

እሳቱና ፊቶቹ

የዚህ ፎቶግራፍ ልብ እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሥራም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እሳቱ እውነተኛ ቢሆንም ለፊቶቹ የሚሰጠው ብርሃን ይዋዥቃል፤ ሹተሩ በተከፈተበት ቅጽበት ነበልባሉ ዝቅ ካለ ሰዎቹ ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ እሳቱ በምስሉ ውስጥ መልኩን እንዲያሳይ ብቻ ይተዋል፤ ፊቶቹን የማብራቱ ሥራ ደግሞ ከእሳቱ ጎን ለተደበቀ ፍላሽ ይሰጣል። ነበልባሉ ቅርጹ እንዲለይ ከ1/30 እስከ 1/125 ሰከንድ ያለው የሹተር ፍጥነት ይመቻል፤ ወደ ሩብ ሰከንድ ሲረዝም እንደ ሐር ይለሰልሳል። እኔ በበኩሌ ለሰማዩ ስል ረዘም ያለውን እመርጥና እሳቱን አሳንሰዋለሁ። ትንሽ እሳት በደረቅና በቀጫጭን እንጨት ሲነድ ጥርት ያለ ነበልባል ይሰጣል፤ ወፍራም ግንድ ግን ፍም እንጂ ነበልባል የለውም።

ፍላሹ ከካሜራው ተለይቶ በሬዲዮ ማስነሻ የሚታዘዝ ይሁን። ከእሳቱ አጠገብ በድንጋይ ወይም በግንድ ተከልሎ፣ ሙቀቱ በማይጎዳው ርቀት፣ ከመሬት 40 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወደ ሰዎቹ ይዙር። የፍላሽ ብርሃን 5500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ብርቱካናማ ያደላል) ገደማ ሲሆን የእንጨት እሳት ግን 2000 ኬልቪን እና ከዚያ በታች ነው፤ እንዳለ ከተተወ ፊቶቹ ከእሳቱ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው ነጭ ይሆናሉ። ስለዚህ ፎቶ አንሺዎች ጄል የሚሉትን ብርቱካናማ ስስ ፕላስቲክ በፍላሹ ላይ ያድርጉ። አንድ ሙሉ ብርቱካናማ ጄል ፍላሹን ወደ 3000 ኬልቪን ገደማ ያወርደዋል፤ ሁለት ደርበው ቢጠቀሙ ወደ እሳቱ ይበልጥ ይቀርባል። እያንዳንዱ ጄል ከግማሽ ስቶፕ በላይ ብርሃን ስለሚወስድ የፍላሹን ኃይል ያን ያህል መጨመር ያስፈልጋል። የካሜራውን ዋይት ባላንስ፣ ማለትም የቀለም ማስተካከያ፣ በ3800 ኬልቪን ያቁሙት፤ እሳቱ ሞቅ ብሎ፣ ሰማዩ ቀዝቀዝ ብሎ ይቀራል።

ከታች የሚመጣ ብርሃን ፊትን አስፈሪ ያደርጋል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ ነገር ግን አስፈሪ የሚያደርገው ቁመቱ ሳይሆን ማዕዘኑ ነው። በዝቅተኛ ወንበር የተቀመጠ ሰው ፊት ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ፍላሹ 40 ሳንቲሜትር ላይ ሆኖ ከሰውየው 70 ሳንቲሜትር ቢርቅ፣ ብርሃኑ ወደ ፊቱ በ40 ዲግሪ ይወጣል፤ የአፍንጫው ጥላ ግንባሩ ላይ ይወድቃል፣ የዓይኑ ጉድጓድም ከታች በኩል ይበራል። ያው ፍላሽ 1.5 ሜትር ቢርቅ ማዕዘኑ ወደ 22 ዲግሪ ይወርዳል፤ ፊቱ እሳት የሚሞቅ ሰው ፊት ይሆናል። ስለዚህ መብራቱን ከፍ ለማድረግ ከመቸኮል በፊት ሰዎቹን ከእሳቱ ያርቁ። መብራቱ ከፍ ካለ የእሳቱ መሆኑ ይቀራል፤ ጥላዎቹም ወደ ታች መውደቅ ይጀምራሉ፤ እሳት ደግሞ ጥላን ወደ ታች አይጥልም።

ሰዎቹን ሙሉ ክብ አድርገው አያስቀምጡ። በካሜራው በኩል ክፍት የሆነ ግማሽ ክብ ይሻላል፤ ከዚያ አንድ ሰው ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ በጥቁር ቅርጽ ብቻ እንዲታይ ቢያደርጉ ምስሉ ጥልቀት ያገኛል። ይህ ሰው የፍላሹንም ገላ ይደብቃል። ብርሃን በርቀት ስለሚደክም፣ ከእሳቱ አንድ ሜትር የተቀመጠው ሰው ሁለት ሜትር ከራቀው በአራት እጥፍ ይበራል፤ ይህን ልዩነት ለማስተካከል አይሞክሩ። አጠገቡ ያለው ደምቆ፣ የራቀው ደብዘዝ ብሎ ሲታይ ነው እሳቱ እውነተኛ የሚሆነው። ጉልበትና እጅ ከፊት ይልቅ ደምቀው መታየታቸውም ትክክል ነው፤ ለእሳቱ የሚቀርቡት እነሱ ናቸውና።

አንድ ምሽት ያነሳሁትን ምስል እዚህ ላይ ላንሳ። አንዲት ሴት የቆርቆሮ ኩባያ በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ በስክሪኑ ላይ ጨለም ያለ ስለመሰለኝ ከካሜራው አጠገብ ሌላ ደካማ ፍላሽ ጨመርኩ። ፊቷ በራ፤ ነገር ግን በኩባያው ጠርዝ ላይ ሁለት ብልጭታ ታየ፤ አንዱ ብርቱካናማ፣ ከእሳቱ በኩል፤ ሌላው ነጭ፣ እኔ ከቆምኩበት በኩል። በዓይኖቿም ውስጥ እንዲሁ ሁለት ነጥብ ነበረ። ነጩ ነጥብ ባለቤት አልነበረውም፤ ወይም ባለቤቱ እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ በምስሉ ውስጥ መኖር አልነበረብኝም። የፊቱን ፍላሽ አጥፍቼ እሷን ወደ እሳቱ አንድ ክንድ ያህል አስጠጋኋት፤ ኩባያውንም ትንሽ ከፍ እንድታደርግ ነገርኳት። ከኩባያው ሆድ የተመለሰው የእሳት ብርሃን አገጯን ነካ፤ ያ ብቻ በቃ። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ምስል ላይ ዓይንንና የሚያብረቀርቅ ነገርን አጉልቼ ሳልመረምር ወደሚቀጥለው ምት አላልፍም። ኩባያ፣ መነጽር፣ ማንኪያና የጃኬት ዚፕ መብራቱ የት እንደተደበቀ ሳይሸሽጉ ይናገራሉ።

እሳት ማንደድ በማይፈቀድበት ቦታ እሳቱን ራሱን ማሳየት የግድ አይደለም። ብርቱካናማ ጄል የለበሱ ሁለት ወይም ሦስት ኤልኢዲ መብራቶችን ከግንድ ወይም ጀርባውን ከሰጠው ሰው በስተጀርባ ደብቆ ብርሃኑን ብቻ ማሳየት ይቻላል። ሐሰተኛ ነበልባል ለማስመሰል ከመሞከር ይህ እጅግ የተሻለ ነው። በርካሽ ኤልኢዲ መብራቶች ሲሠሩ በምስሉ ላይ አግድም ጥላማ መስመሮች ከታዩ፣ መብራቱ ዓይን በማያየው ፍጥነት እየበራና እየጠፋ ነው ማለት ነው፤ የሹተሩን ጊዜ ማስረዘም ያስተካክለዋል።

ጨረቃ

እሳትና ድንኳን ብቻ ያሉት ምስል ሰዎቹን ከጀርባቸው ካለው ጨለማ ጋር ያጣብቃቸዋል። ትከሻቸውን፣ የድንኳኑን ጫፍና የዛፎቹን ግንድ ከጨለማው የሚለየው የጨረቃ ብርሃን ነው፤ ይህንንም ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ፍላሽ ይተካዋል።

የጨረቃ ብርሃን ከፀሐይ የተመለሰ ስለሆነ በመሠረቱ ሰማያዊ አይደለም፤ እንዲያውም ከፀሐይዋ ብርሃን ጥቂት ሞቅ ይላል። ሰማያዊ የሚመስለን ዓይናችን በጨለማ ለሰማያዊው የቀለም ወገን ይበልጥ ንቁ ስለሚሆን ነው፤ ይህንን የዓይን ጠባይ የቼክ ሳይንቲስት ያን ፑርኪንዬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አስተውሎታል። ፎቶግራፍ የዓይንን ስሜት መከተል ስላለበት ጨረቃችን ትንሽ ሰማያዊ ትሁን፤ ትንሽ ብቻ። ዋይት ባላንሱ 3800 ኬልቪን ላይ ስለሆነ ያለ ምንም ጄል የሚበራ ፍላሽ ራሱ የሚበቃውን ያህል ሰማያዊ ይሆናል። በላዩ ሰማያዊ ጄል መጨመር ሌሊቱን የመድረክ ትርዒት ያስመስለዋል።

ፍላሹን ከሰዎቹ ኋላና ጎን፣ ከ3 እስከ 4 ሜትር ከፍታ ባለው መቆሚያ ላይ፣ ከምስሉ ክልል ውጭ ያስቀምጡት። እውነተኛዋ ጨረቃ 384,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ብርሃኗ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው አይደክምም፤ የእኛዋን ደግሞ በተቻለ መጠን ወደ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ በማራቅ ይህን ጠባይ እናቀርብላታለን። ብርሃኑን አያለስልሱ፤ የጨረቃ ጥላ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። ኃይሉን በፊቶቹ ላይ ካለው የእሳት ብርሃን ሁለት ስቶፕ ያህል ዝቅ ያድርጉት። ጭሱንም ከኋላው የሚያበራው ይኸው ፍላሽ ነው፤ ጭሱ ወደ ጎን ሲሄድ ስስ ሰማያዊ መጋረጃ ይሆናል። አንድ ጨረቃ ብቻ ስላለች ጥላዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን መሄድ አለባቸው። መቆሚያውን በአሸዋ ከረጢት ያስከብዱት፤ በጨለማ ገመዱን ወይም እግሩን ረግጦ የሚጥል ሰው አይጠፋም።

እውነተኛ ሙሉ ጨረቃ ካለች ፍላሹን መተው ይቻላል። ሙሉ ጨረቃ ከፀሐይ 400,000 ጊዜ ያህል የደከመች ናት፤ በኤፍ 2.8 እና በአይኤስኦ 1600፣ 6 ሰከንድ ያህል ቢያነሱ ሰማያዊ ሰማይ ያለው የቀን ፎቶግራፍ የሚመስል ነገር ያገኛሉ። ሌሊት እንዲመስል ወደ 1 ሰከንድ ተኩል ማውረድ ያስፈልጋል።

ምቱና ከምቱ በኋላ

ትኩረቱን የሚያስተካክሉት የእጅ ባትሪ በዋናው ሰው ፊት ላይ አብርተው ነው፤ ከዚያ አውቶ ፎከሱን ያጥፉና ሌንሱን አይንኩ። ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ሌንሱ ላይ ጤዛ ስለሚያርፍ በየአሥር ደቂቃው ይመልከቱት። ቅዝቃዜ የባትሪን አቅም ይቀንሳልና ተለዋጩን ባትሪ በደረት ኪስ ይያዙ። ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ዝግጅቱ ከተጀመረ በኋላ ሁሉም ሰው ቀይ ብርሃን ያለው የግንባር መብራት ቢጠቀም ይመረጣል።

መብራቶቹን በየተራ ብቻቸውን አብርተው አንድ አንድ ምት ያንሱ፦ ድንኳኑ ብቻ፣ የእሳቱ ፍላሽ ብቻ፣ ጨረቃዋ ብቻ። እያንዳንዱ ምት ያ ብርሃን የት እንደሚደርስና ያልተገባ ቦታ የነካው ምን እንደሆነ ያሳያል። ብዙ ጊዜ የእሳቱ ፍላሽ የድንኳኑን ጫፍ ወይም የዛፉን ቅርንጫፍ ሲያበራ ይገኛል፤ ጥቁር ካርቶን በፍላሹ የላይኛው ጠርዝ ላይ ማሰር ይህን ያስቀራል። ከዚያ ሁሉንም አብርተው፣ ሰዎቹ እንዲጨዋወቱ ትተው፣ ሰማዩ እስኪያልቅ ደጋግመው ያንሱ። ትራይፖዱ ካልተነቃነቀ የተለያዩትን ምቶች በኋላ በኮምፒውተር ማዋሃድም ይቻላል፤ ለምሳሌ የተሻለውን ነበልባል ከአንዱ፣ የተሻለውን ፊት ከሌላው። በማስተካከያው ሶፍትዌር ጥላዎቹን የመክፈት ፈተና ይመጣል፤ በጨለማ የቀረውን በጨለማ ይተዉት።

ሰዎቹ ከተነሱ በኋላ መቆሚያዎቹንም አንስተው ማንም ሳይኖር አንድ የመጨረሻ ምት ያንሱ፤ መቆሚያ ወይም ሽቦ በምስሉ ጥግ ገብቶ ከሆነ ለመደምሰስ ይጠቅማል። መሣሪያውን ሲሰበስቡ ግን ቀዩን መብራት ትተው ነጩን ያብሩ፤ ጄል፣ ክሊፕና የድንኳን ካስማ በሣር ውስጥ የሚቀረው በዚህ ሰዓት ነው። እሳቱ ላይ ውሃ ያፍሱ፤ አመዱን በእንጨት ያማስሉ፤ እንደገና ያፍሱ፤ የእጅዎን ጀርባ አስጠግተው ምንም ሙቀት እስከማይሰማዎት ድረስ ከቦታው አይሂዱ።